ቀለሜና የቧንቧው ጎማ

ግንቦት 11 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀትር በፊት በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ ስድስት የመስታወት ስላይዶች ማቅለሚያው ላይ እንደተደረደሩ ቀሩ። አክታው መስታወቱ ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በእሳት ላይ አልፎ ነበር። ቀዩ ቀለምም ፈስሶበታል። የቀረው ነገር ከሥር በአልኮል ኩራዝ ማሞቅ ነበር፤ እንፋሎቱ ብቅ እስኪል ብቻ፣ ሳይፈላ። ኩራዙ ግን አልተለኮሰም። ክብሪቱን የያዘው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ልቡ ቆመ። ቀለሙ መስታወቱ ላይ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ ለምንም የማይሆን ሆነ፤ ስድስቱም ታማሚዎች እንደገና አክታ እንዲያመጡ ተጠሩ።

በቀብሩ ላይ «ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋ አረፈ» ሲሉ የነበሩ አሉ። እንደዚያ አይደለም። ማይክሮስኮፑ ሽፋኑን እንደለበሰ ነበር። ሰው ወሬ ሲያሳምር ደስ ይለዋል፤ ሟቹ ግን ያልታየውን ታየ ማለት ጨርሶ የማይሆንለት ሰው ነበርና በእሱ ላይ እንኳ ባይሆን ጥሩ ነበር።

በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ቀለሜ ነበር የሚባለው። ተማሪ ሳለ ከደብተሩ ቀና ስለማይል ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው። ላቦራቶሪ ከገባ በኋላ ደግሞ የጣቶቹ ጫፍ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ እየሆነ ስለሚውል ስሙ ለሁለተኛ ጊዜ ልክ ሆነለት። ሥራ የጀመረበት ማይክሮስኮፕ ባለ አንድ ዓይን ነበር። ግራ ዓይኑን ሌንሱ ላይ ሲያደርግ ቀኙን ከደን ያደርጋል፤ ልማዱ መንገድ ላይም አልለቀው አለ። አንድ ነገር ትኩር ብሎ ባየ ቁጥር ቀኝ ዓይኑ በራሱ ጊዜ ይከደናል።

ሚስቱን ያገኘው በዚሁ ጣጣ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሱሪ ሊያሳጥር ሱቋ ገብቶ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጨርቅ ሲያይ፣ እሷ የጠቀሳት መስሏት «አንተ፣ አፍ አልፈጠረብህም?» አለችው። በድንጋጤ ሳይለካ ውልቅ ብሎ ወጣ። ሱሪው ግን እዚያው ቀርቷል፤ መመለስ ግድ ሆነበት። እስከ መጨረሻው ድረስ ሰው ፊት ስትቀልድበት «እኔን በጥቅሻ ነው ያገባኝ፤ ጥቅሻውም የእኔ አልነበረም» ትል ነበር።

ልጅ አልወለዱም። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ግን ከልጅ አይተናነስም። ወላጆቻቸው ገና ሕፃን ሳለ ስላለፉ ጡት ከማጥባት በስተቀር ሁሉን ያደረገችለት እሷ ናት። ስታገባም ይዛው ነው የመጣችው። አድጎ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆነ፤ አፉ የማያርፍ፣ ተሳፋሪውን ሲያስቅ የሚውል፣ በመሪው ላይ እጁ እንደ ሐር የለሰለሰ ሾፌር። ቀለሜን «ጋሼ» ይለዋል። መኖሪያውም ከእነሱው ግቢ፣ በኋላ በኩል ባለችው ክፍል ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ፣ የላቦራቶሪው ቧንቧ ሲቀየር ነው። አዲሱ ቧንቧ ግፊቱ ለጉድ ነበር፤ ገና ሲከፈት ውኃው ስላይዱን እንደ ጥፊ ይመታውና የተቀባውን አክታ ከነቀለሙ ገፎ ይወስደዋል። ቀለሜ ሁለት ቀን ሲነጫነጭ ሰነበተ። በሦስተኛው ዕቃ ቤት ገብቶ ከአሮጌ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ቆርጦ አመጣና ቧንቧው አፍ ላይ ሰካው። ውኃው ቀስ ብሎ፣ እየተለሳለሰ ይወርድ ጀመር። በሥራው የሚኮራ ሰው አልነበረም፤ በዚያች ጎማ ግን ኮራ። ያገኘውን ሁሉ እየጠራ «እይማ፣ እንዴት እንደምትወርድ!» ይል ነበር።

የማቅለሙ አሠራር እንዲህ ነው። ቀዩ ቀለም ሲሞቅ መስታወቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አሲድ ይፈስበታል። አሲዱ ቀዩን ከሁሉም ላይ ያስለቅቃል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሰም የመሰለ ልብስ ስላለው አንዴ የጠጣውን ቀለም አይለቅም። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። ሌንሱ ሥር ሲገባ ታዲያ የሚታየው ሰማያዊ ሜዳ ነው፤ ሕዋሶቹም ሰማያዊ፣ ንፍጡም ሰማያዊ። በዚያ መሀል ቀጫጭን ቀያይ በትሮች ከተገኙ ያ ሰው ታሟል። በእያንዳንዱ ቀለም መሀል ደግሞ ስላይዱ በውኃ ይታጠባል።

ኅዳር ሲገባ የአውቶቡስ ድርጅቱ ሾፌሮቹን እንደየዓመቱ ለጤና ምርመራ ላከ። ሾፌሩ ትንሽ ሳል ነበረችው፤ «የአቧራ ናት» ይላል። አክታውን ያየው ቀለሜ ነው። ጥቂት በትሮች አገኘ። ሌላ ቀን ያመጣውንም አየ፤ አሁንም ጥቂት። ውጤቱን ጽፎ ለጤና ጣቢያው ሐኪም ሰጠ። ሾፌሩ ኪኒን ጀመረ፣ ከመሪው ወረደ። ድርጅቱም ወሩ እስኪያልቅ ነጻ ካልተባለ አውቶቡሱ ለሌላ እንደሚሰጥ አስታወቀው።

ቤቱ ቀዘቀዘ። ሚስትየው የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ እንኳ ባሏን የምትረግጥ ይመስል ነበር።

«ደግመህ እየው» አለችው።

«ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።»

«ሦስተኛ እየዋ! ዓይንህ ያልቃል?»

«አንቺዬ፣ እኔ የምጽፈው የታየኝን ነው።»

«የታየህማ ወንድሜ ነው።»

እውነቷን ነው፤ እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌንሱ ላይ ባጎነበሰ ቁጥር የሚያየው የልጁን ፊት ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ የአንዲት ሱቅ ጠባቂ አክታ እያየ ሳለ አንድ ነገር ደስ አላለው። ቀያይ በትሮች አሉ። ግን ሕዋሶቹ ጥርት ብለው ሲታዩ በትሮቹ ይደበዝዛሉ፤ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ትንሽ ዞር አድርጎ በትሮቹን ሲያጠራቸው ሕዋሶቹ ይጠፋሉ። ማለትም በትሮቹ ከአክታው ውስጥ ሳይሆን ከላይ፣ ዝም ብለው ተንሳፍፈው ነበር። ደግሞም ምንም ባልተቀባበት ባዶ መስታወት ላይ አንድ ሁለቱ ተኝተዋል። ቀና አለ። ሰሞኑን «ጥቂት አለ» እያለ የጻፈው ሰው መብዛቱ ያን ጊዜ ታሰበው።

አዲስ ስላይድ ከካርቶኑ አወጣና የራሱን ምራቅ ቀባበት። አቀለመው፣ እንደተለመደው አጠበው፣ ሌንሱ ሥር አገባው። በትሮቹ አሉ። ለጥቂት ደቂቃ ያህል ቀለሜ ራሱን እንደታመመ ሰው አይቶ ሚስቱን አሰበ፣ የራሱን ሳል እየሳለ አዳመጠ። ከዚያ የሙያው ነገር አሸነፈና ሌላ ስላይድ አነሳ። ያንኑ ምራቅ ቀባ፤ በዚህኛው ግን ቧንቧውን ሳይነካ በጠርሙስ ካለው የተጣራ ውኃ አጠበ። ሰማያዊ ብቻ። አንድም በትር የለም።

ጎማዋን ከቧንቧው ነቅሎ በምላጭ ለሁለት ሰነጠቃት። ውስጧ በሚያሟልጭ ቢጫ ነገር ተለብጦ ነበር። ውኃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰውን የማያሳምሙ፣ ግን እንደ ቲቢዎቹ ቀዩን ቀለም የማይለቁ ባክቴሪያዎች አሉ፤ በአሮጌ ጎማ ውስጥ መራባት ይወዳሉ። አክታው እንዳይጎዳ ብሎ በስስት የሰካት ጎማ ስታጥብ የነበረው እነሱኑ ስላይዱ ላይ እያራገፈች ነው።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። «ልጁ ነጻ ነው!» የሚል ደስታ። ወዲያው ደግሞ ደስታው አስፈራው። ይህን ነገር ይዞ ቢወጣ ማን ያምነዋል? አማቹ አውቶቡሱን ሊነጠቅ ሲል ጎማ አገኘ ይሉታል። ሰው ቢልም ባይል፣ እሱስ ራሱን ያምናል?

በዚያው ቀን ሐኪሟ ክፍል ገባ። ከእሱ በዕድሜ የምታንስ፣ ጥያቄዋ አጭር የሆነ ሐኪም ናት። የተሰነጠቀችውን ጎማ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ስንት ሰው ነው?» አለች፣ ሰምታ ስታበቃ።

«ጎማዋ ከተሰካች ወዲህ ጥቂት አለባቸው ያልኳቸው አምስት ናቸው።»

«አማችዎ አሉበት?»

«አለበት። ለዚህ ነው ዶክተር፣ እኔ ደግሜ ባላያቸው የምወደው። ሌላ ሰው ይይልኝ።»

«ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው አያለሁ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ስላይድ የሚያዩት።» ጎማዋን በእስክሪብቶ ጫፍ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። «ግን አንድ ነገር እናድርግ። አምስቱንም እጠራለሁ፤ አዲስ አክታ ይሰጣሉ። ስም የተጻፈበትን ጫፍ እኔ በፕላስተር ሸፍኜ አምጥቼ እሰጥዎታለሁ። የማን እንደሆነ አያውቁም። ራጅም ይነሳሉ። ጥቂት ቀን የተዋጠ ኪኒን በትሮቹን ከአክታ ውስጥ አያጠፋም፤ ካሉ ይታያሉ። እስከዚያው ማንም ኪኒን እንዳያቋርጥ። ለማንም ምንም አይንገሩ።»

«ለማንም» አለ ቀለሜ።

ማታ እራት ላይ ነገረ። ሚስቱ ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ «ብላ» ስትለው ድምፅዋ የተሰበረ መሰለውና «ምናልባት ያቺ የቧንቧ ጎማ አሳስታኝ ይሆናል» አላት። ይህቺን ብቻ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች፤ ምግቡ ሳይበርድ ወንድሟ ክፍል ደረሰች። ከግቢው ጀርባ የሾፌሩ ሳቅ ተሰማ፦

«እኔ እኮ ብያለሁ! ጎማ የሚበላሸው መኪና ላይ ብቻ ነው ያለው ማነው? እትዬ፣ ሳንባዬ አልተነፈሰም፣ የጋሼ ጎማ ነው የፈነዳው!»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሾፌሩ ኪኒኑን አልነካም።

ስላይዶቹን የሚያይበት ቀን ሐኪሟ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አምስቱም ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ውኃው ከጠርሙስ ነበር። የመጀመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየ፤ ንጹሕ። ሁለተኛው ንጹሕ። ሦስተኛው ንጹሕ ሲሆን ቀለሜ ፈገግ ማለት ጀመረ፤ አራተኛውን ሲጨርስ «ዶክተር፣ ጎማዋ ናት!» አለ፣ እንደ ልጅ። አምስተኛውን አገባ። ብዙ ቆየ። ማስተካከያውን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዞረ። በትሮቹ ጥቂት ነበሩ። ሕዋሶቹ ሲጠሩ እነሱም ይጠራሉ፤ ሕዋሶቹ ሲደበዝዙ እነሱም አብረው ይደበዝዛሉ። አልተንሳፈፉም። ውስጥ ናቸው።

«ይኸኛው አለበት» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

ሐኪሟ ፕላስተሩን ላጠችው። ስሙን አላነበበችለትም፤ ስላይዱን ብቻ ወደ እሱ ዞር አደረገችው። ራጁም በቀኝ ሳንባ አናት ላይ እንደ ጭስ ያለች ጥላ አሳየ።

አራቱ ሰዎች እፎይ ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሾፌሩ ሲነገረው አልሳቀም።

«ገባኝ» አለ። «አራቱን ለቀቅክ። አምስተኛውንም ብትለቅ ለአማቹ አዳላ ይሉሃል። ለስምህ ስትል እኔን አስቀረኸኝ።»

«ስም እኮ አልነበረበትም ልጄ፤ ተሸፍኖ ነበር።»

«አንተ የእኔን አክታ በጠረኑም ታውቀዋለህ!» ብሎ በሩን ወረወረው። ኪኒኑንም አልውጥም አለ። ሕመሙ ይቅርና ገና ሳሉ እንኳ ላልከበደበት ሰው ለወራት ኪኒን መዋጥ ከባድ ነው፤ ላለመዋጥ ምክንያት ላገኘ ሰው ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። ቀለሜ ይህን ያውቃል። ኪኒን ያቋረጡ ሰዎችን አክታ ከርሞ አይቷል፤ ያን ጊዜ በትሮቹ ጥቂት አይሆኑም። ምክንያቱን ለልጁ አፉ ላይ ያጎረሰው ራሱ እንደሆነም ያውቃል። እንቅልፍ አጣ። ምግብ ዘጋው።

ነገሩን የቆረጠችው ሚስቱ ናት። አንድ ቀን ሱቋን ዘግታ፣ ወንድሟን በእጅጌው እየጎተተች ላቦራቶሪ ድረስ መጣች።

«አሳየን» አለች።

ሾፌሩ አጎንብሶ አየ። «ጨለማ ነው። መብራት ጠፍቷል እንዴ? ቆይ... አንድ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል! ይሄ ነው በሽታዬ?»

«ሽፋሽፍትህ ነው» አለ ቀለሜ።

«ውረድ ከዚያ» ብላ ገፍታው እሷ ተቀመጠች። ቀለሜ ጣቶቿን ማስተካከያው ላይ አኖረላትና መጀመሪያ ጎማዋ ያጠበችውን የራሱን ምራቅ አሳያት፤ አላፈረም፣ የምን ምራቅ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ የወንድሟን። ከአንዱ ወደ ሌላው እያስለወጠችው ብዙ ጊዜ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ ጫፍ ላይ ያፈጠጠች ሴት ናትና ዓይኗ የሚፈልገውን ለማግኘት አልተቸገረም።

«ያንተኛው ላይ ክሩ ጨርቁ ላይ ወድቆ ነው» አለች በመጨረሻ፤ «እፍ ቢሉት ይሄዳል። የዚህ ግን ተሰፍቷል።» ከወንበሩ ተነስታ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሰማህ? ተሰፍቶብሃል። ክሩን የሚመዘው ኪኒኑ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልውጥም ብትል በእኔ እጅ ነው የምትውጠው።»

«እትዬ...»

«ዝም!»

ሾፌሩ ቀለሜን አየው። አፉ ቀልድ ፈልጎ አጣ። «ጋሼ፣ እኔ... ያን ቀን የተናገርኩት...» ሲል ቀለሜ ቀኝ ዓይኑን ከደን አድርጎ ስላይዱን ወደ ሳጥኑ መለሰ። ጥቅሻ ይሁን ልማድ አልታወቀም።

አውቶቡሱ በወሩ መጨረሻ ለሌላ ሾፌር ተሰጠ። ያን ማዳን አልተቻለም። ቀለሜ ለአራት ሰው ያደረገውን ለአንዱ ለራሱ ሰው ማድረግ አልቻለም፤ ይህ ነገር ከሆዱ አልወጣም፣ ሆኖም ሲያማርር የሰማው የለም። ከሁለት ወር በኋላ የልጁ አክታ ሲታይ በትር አልተገኘበትም። ሐኪሟ ወደ ሥራ ይመለስ ብላ ጻፈች፤ ድርጅቱም አንዲት አሮጌ አውቶቡስ፣ ለዚያውም የማለዳውን ፈረቃ ሰጠው። ያ ፈረቃ ጤና ጣቢያው ሳይከፈት ይነሳል። ሾፌሩ እንደሆነ መሪውን ከጨበጠ ታምሞ እንደነበር እንኳ ይረሳል። ስለዚህ ኪኒኑን በየጠዋቱ የማድረሱን ነገር ቀለሜ ተረከበው። መንገድ ላይ እያዘገመ፣ ተርሚናሉ ድረስ።

ግንቦት ላይ ሕክምናው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ማክሰኞ ማለዳ ቀለሜ ጫማውን ሲያስር ቆም ብሎ ተነፈሰ። ሚስቱ አየችው።

«ዛሬ እኔ ላድርስለት። ፊትህ ደስ አይልም።»

«መንገዴ ነው» አላት።

መንገዱ አልነበረም። ተርሚናሉ ከጤና ጣቢያው በተቃራኒ በኩል ነው።

አውቶቡሷ ሞተሯ ተነስቶ፣ ተሳፋሪው ግማሽ ያህል ሞልቶ ነበር። ቀለሜ በሾፌሩ መስኮት በኩል ቆሞ ኪኒኖቹንና የውኃ ኩባያውን ወደ ላይ አቀበለ።

«ጋሼ፣ ድኛለሁ እኮ። ይቺ ቀን ብትቀር ምን ይመጣል?»

«ዋጥ።»

«ሰው እያየኝ ነው።»

«ይዩህ። ዋጥ።»

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት «ሹፌር፣ ሚስትህ ናቸው እንዴ?» አለች፤ ተሳፋሪው ሳቀ። «የለም እናቴ፣ እሳቸው ሌላ ሰው አግብተዋል፤ እኔ ውሽማ ነኝ» አለ ሾፌሩ። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ዋጠ። ከዚያ ሳይጠየቅ አፉን ከፈተ፣ ምላሱን አውጥቶ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አሳየ። ቀለሜ በእግሩ ጣቶች ተንጠራርቶ፣ ቀኝ ዓይኑን ከድኖ፣ በደንብ አየ።

«ንጹሕ ነው» አለ። ባዶውን ኩባያ ተቀበለው፤ ጥግ ይዞም የአውቶቡሷን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገ፣ ሂድ ሲሉ እንደሚያደርጉት። አውቶቡሷ ሄደች።